ሁለተኛው ባልዲ

ያን ዕለት ጠዋት ወተት ልገዛ ወጥቼ ሙግት ገጠመኝ። ጎረቤቴ ወተት ሻጩ ሽማግሌ በረታቸው በር ላይ ቆመው ከእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ። ልጅቷ ላም አዳቃይ ናት፤ ባለ ወፍራም ክዳን ዕቃ ታቅፋለች።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የሰውዬው ከብቶች ከዓመት ዓመት ወተታቸው እየነጠፈ ሄዷል። ደህና የምትታለበው አሮጊቷ ቦራ ብቻ ናት፤ እሷም ኮርማ ፈልጋለች፤ ምናልባት የመጨረሻ ጥጃዋ ይሆናል። ያ ጥጃም ካላዋጣ፣ ሽማግሌው አርባ ዓመት የኖሩበትን በረት ሊዘጉ ቆርጠዋል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን!» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ኮርማ ቆሞልኝ፣ በብልቃጥ አባት ይዛብኝ መጣች!»

ኮርማው በእውነት ግርማ አለው። ሰፈሩ ሁሉ ጄኔራሉ ይለዋል።

«አጎቴ፣ መልኩን ማን ጠላ? መልክ ግን አይታለብም፤» አለች ልጅቷ። «ለመሆኑ ጥቁሯ ላም የማን ልጅ ናት?»

«የቦራና የጄኔራሉ ነቻ!»

«ከእናቷ በልጣ ታልባ ታውቃለች?»

«እሱስ... አታውቅም።»

«ቀይዋስ የማን ናት?»

«የጥቁሯና የ...» አሉና አፋቸውን ያዙ። «የጄኔራሉ።»

እኔም ክው አልኩ። ስንት ዓመት ከዚህ በረት ወተት ስገዛ፣ ወተቱ በቀነሰ ቁጥር እሳቸው መኖ ሲጨምሩ እያየሁ፣ አባትየውን ከገዛ ልጁ እያዳቀሉ መሆኑን አንድ ቀን ልብ አላልኩም። ተምሬያለሁ ባይ!

«አይዘኑ፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል ዘሩ ይደክማል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤» አለች። «ደካማዋም ላም ነፍሷን ለማቆየት ብቻ ያንኑ ያህል መኖ ትበላለች። ትርፉ ከዚያ በላይ በምትሰጠው ነው።»

«የውጭ ዘር ሙቀታችንን ባይችልስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ለዚህ ነው በወተት ብዛት የታወቀውን ትቼ ይህን የመረጥኩት። ሴት ልጆቹ እንደኛው ባለ ሙቀት፣ በእኛው ዓይነት መኖ ታልበው ተመዝግበዋል።»

ክዳኑን ስትከፍተው ነጭ ጉም ገንፍሎ እግራችን ሥር ተነጠፈ። በመቆንጠጫ ከስንዴ አገዳ የቀጠነች፣ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የቆየባት ቀሰም አወጣች።

«ይህ ኮርማ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤» አለች።

«ላሜን ለሙት ልትድሪ!» አሉ ሽማግሌው። መሳቅ ግን አልቻሉም። እኔም ሳላውቀው ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር። አራት ዓመት አፈር የተጫነው ፍጡር፣ ገና ያልተወለዱ ከብቶቹን ይዞ በዚያች ቀሰም ውስጥ ይጠብቃል!

ሽማግሌው ጄኔራሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «በይ፣ ሥራሽን ሥሪ፤» አሉ በመጨረሻ።

ዕድል ቀንቷቸው ቦራ ሴት ወለደች። ጄኔራሉም ተሸጠ፤ ለየላሞቹ ሌላ ሌላ አባት ተመረጠላቸው። ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ የቦራ ልጅ በወለደች ሰሞን፣ እንደ ልማዴ ዕቃዬን ይዤ ደረስኩ። ዛሬ በዚያ በረት ሁለት ላሞች ቀድሞ አምስት ላሞች ይሰጡት የነበረውን ያህል ይሰጣሉ፤ መኖው ተርፏል፤ በረቱን ስለ መዝጋት የሚያወራ የለም። ዕቃዬን ይዤ በደረስኩበት ጠዋት ግን ይህን ሁሉ ገና አናውቅም ነበር።

ሽማግሌው የቦራን ልጅ ያልባሉ። ባልዲው ሞላ፤ ጡቷ ገና አልጎደለም። «ባልዲ አምጡ!» ብለው ተጣሩ። ማንም አላመጣም፤ በዚያ ቤት ለአንድ ላም ሁለት ባልዲ ተፈልጎ አያውቅም።

ግንባራቸውን ጎኗ ላይ አስደገፉ። «አንድ ቀን እንኳ ያላየሁት ኮርማ!» አሉ።

ባዶ ዕቃዬን አቀበልኳቸው።