ወፍጮ አስቁመው ሰው ያዳመጡት አቶ ሠርፀ ወልደገብርኤል

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ፀሐዩ ሳይበረታ እንድናሳጥር የእድራችን ሊቀመንበር አደራ ብለውናል። ይሁን እንጂ የሰው ነገር በጥድፊያ ሲነገር አቶ ሠርፀን ምን ያህል ይቆረቁራቸው እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁና ጥቂት ታገሡን።

አቶ ሠርፀ ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወሰኔ ይመር በ1951 ዓ.ም. በአርጆ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም መጥተው በንግድ የተቋቋሙ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው በቤት አማርኛውን፣ በደጅ ኦሮምኛውን እኩል እየተናገሩ አደጉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በነቀምት ፈጽመው፣ በሥራ አመራር ዲፕሎማ ከተቀበሉ በኋላ በከተማችን በተከፈተ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተቀጠሩ። ከወይዘሮ ሐረግወይን ጋርም በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አዜብንና ነብዩን አፈሩ።

መቼስ ሹመት ያስቸኩላል፤ አቶ ሠርፀም በመጀመሪያው ዘመን ሰኞ ሰኞ ሠራተኛውን ሰብስበው እርሳቸው ብቻ ይናገሩ፣ ሠራተኛውም አንገቱን ነቅንቆ ይበተን ነበር። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ሰው ጉዳዩን የሚያነሣው የቤተሰቡ፣ የከብቱና የዝናቡ ደኅንነት ተጠያይቆ ሰላምታው ሲያልቅ ነው። አንድ ማለዳ የወፍጮው ኦፕሬተር ኦቦ ጂሩ ቢሮ ገብተው “አካም ቡልተን”፣ እንዴት አደሩ ብለው ሰላምታውን ሲጀምሩ፣ አቶ ሠርፀ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ቶሎ ወደ ጉዳዩ እንዲገቡ አዘዟቸው። ኦቦ ጂሩም ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። በዚያው ዕለት የኦቦ ጂሩ እናት ኡኬ በምትባል ከተማ ዐረፉ። አቶ ሠርፀ ለልቅሶ ሄደው አጠገባቸው ሲቀመጡ፣ ኦቦ ጂሩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ሰላምታችንን ብንጨርስ ኖሮ፣ እናቴ ታማለች፣ ልሂድ እልዎ ነበር” አሏቸው። አቶ ሠርፀ ይህን በደላቸውን ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩት ስለነበር፣ እኛም እዚህ ብንደግመው አይቀየሙንም።

ወፍጮ እየጮኸ የልብ ጨዋታ የለምና፣ ከዚያ ወዲህ አቶ ሠርፀ በየማለዳው ማሽኑን አስቁመው፣ በየሥራ ቦታው እየዞሩ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው መስማት ጀመሩ። ጥያቄያቸው ከአንገት በላይ አልነበረም፤ የራሳቸውንም የቤት ጭንቅ ሳይሸሽጉ ያዋዩ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት አቶ ፉአድ ግን የቆመ ወፍጮ ማንን ያበላል እያሉ አምርረው ይቆጡ ነበር። ነጋዴ ናቸውና አይፈረድባቸውም፤ አሁንም እዚህ ተቀምጠው እየሰሙን ስለሆነ ይቅር ይበሉን።

ኋላ መብራት እየጠፋ ሥራው ሲዳከም፣ አቶ ፉአድ ግማሹ ሠራተኛ እንዲሰናበት ወሰኑ። አቶ ሠርፀ የስንብት ወረቀት በድንገት ከማደል ይልቅ፣ ማሽኑን አስቁመው እውነቱን ሳያለዝቡ ተናገሩ፤ መፍትሔውን እርሳቸውም እንደማያውቁ አምነው ምክር ጠየቁ። የልጆቹ እንጀራ ያልታየው አልነበረም። በመጨረሻ ከረጢት የሚሰፉት ወይዘሮ ድርቤ፣ አንዱ ከሚባረር ሁላችንም ሥራውንም ደመወዙንም በፈረቃ ተካፍለን እንሥራ አሉ፤ ሌሎቹም፣ አቶ ፉአድም ተስማሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድም ሰው ሳይባረር ያ ክፉ ጊዜ አለፈ። አቶ ፉአድም ከዚያ በኋላ ስለቆመ ወፍጮ አንሥተው አያውቁም።

አቶ ሠርፀ ባለፈው ዓመት በስትሮክ ታመው አንደበታቸው ሲያዝ፣ ኦቦ ጂሩ ከሥራ መልስ እየመጡ ሰላምታውን ከቤተሰቡ እስከ ዝናቡ ሳያጓድሉ ያደርሱላቸው፣ እርሳቸውም በዓይናቸው ይመልሱ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ትናንት ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐረግወይንን፣ ልጆቻቸውን አዜብንና ነብዩን፣ የልጅ ልጃቸውን ሃሌሉያን፣ እንደ ቤተሰብ የሚያዩዋቸውን የሥራ ባልደረቦቻቸውንም ትተውልን ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ማሽኑን ያስቆሙት ራሳቸው አቶ ፉአድ ናቸው። ኦቦ ጂሩ በለመዱት ቦታ ቆመው “አካም ቡልተን” አሉ። አቶ ፉአድ በአቶ ሠርፀ ፈንታ ቆመው ነበርና አልቸኮሉም፤ ቀስ ብለው መለሱና የኦቦ ጂሩን ቤተሰብ፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠይቁ ጀመር።

የሰውን ቃል ሳያቋርጥ የሰማውን አገልጋይህን፣ አቤቱ፣ አንተም ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ስማው፤ ነፍሱን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር አሳርፍልን፤ አሜን።