የትሑቱ ጀማሪ ዋንጫ

ደህና ዋሉ አያ ሰጠኝ? ቤቱ ሁሉ ደህና? ምነው የዛሬው ብርድ... ከደባርቅ ተሳፍሮ የመጣ ነው የሚመስለው። መብራትስ አለ? እሰይ! ያለፈው ጉባኤ ላይ እኮ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ነው እጅ ያወጣነው። ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ ሳይታይ ደንቡ ጸደቀ። ጨለማም ለካ ድምፅ ይሰጣል!

ሰዉ እስኪሰበሰብ እዚሁ አጠገብዎ ልቀመጥ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበርማ ተይዟል፤ ማኪናውን የሚወለውል ሰው አለበት፣ አንረብሸው። ቀስ ብለን እናውራ... ኧረ የእኔ ድምፅ ተፈጥሮው ነው፣ ምን ላድርገው?

እርስዎ ይህን የከረንቡላ ቤት ባይለቁልን ኖሮ ክበባችን የት ይወድቅ ነበር? "መዳፍ የምታክል የኤሌክትሪክ ማኪና ጠረጴዛ ላይ በተቦረቦረ ቦይ እየነዳን እንወዳደራለን" ስንል ፒያሳ ያልሳቀብን ማን አለ? አሁን ይኸው፣ ከማራኪ ተማሪው፣ ከአይከል የገበሬው ልጅ ይመጣል። ሸጋ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚመጣው የውድድር ዘመን ደንብ ይጸድቃል።

ደንብ ካልኩ አይቀር፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን ምን ያደርግልዎታል? ትሑት ነው። እንዲህ ያለ ትሑት ገዳም ውስጥም አላየሁ። ክበብ መሠረተ፣ ሰብሳቢ ሆነ፣ የየምድቡን ደንብ በገዛ እጁ ጻፈ። "ዋንጫ አግኝቶ የማያውቅ ሁሉ ጀማሪ ነው" አለ። ሸጋ ደንብ አይደል? ታዲያ ዞር ብሎ ራሱን ቢያይ፣ ለካ እሱም ክበቡ ከተቋቋመ ጀምሮ አንድ ዋንጫ አልነካም! ምን ያድርግ? ደንብ ደንብ ነው። ጎንበስ ብሎ ከጀማሪዎቹ ጋር ተሰለፈ። ሌላው ቢሆን "እኔ መሥራቹ!" ብሎ ይኮራ አልነበር? ሞተሩን እንኳ ከዱባይ ነው ያስመጣው... ጀማሪ ሆኖ ይህን ያህል ትጋት! ራሱን ዝቅ ያደረገ ከፍ ይላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ በፍጥነት ሲደርስ ግን ያየሁት በእሱ ነው። ሳይመሽ የአሸናፊ መድረክ ላይ ወጣ።

ያቺን የአይከሏን ዓይናዲስን ያስታውሷታል? የማኪናዋን ቅርፊት ከጀሪካን ቆርጣ የሠራችውን? በፍጻሜው ዕለት ስትመራ ነበር። በወሬ አልሰማሁም፣ ዙር ቆጣሪዋ እኔው ነኝ። ልማዳችንን ያውቁታል፤ ጀማሪ ሲወዳደር በየመታጠፊያው አንድ ነባር ይቆማል፣ የወደቀችን ማኪና አንስቶ ቦይዋ ውስጥ ይመልሳል። ተወዳዳሪ መቆጣጠሪያውን ጥሎ ከሄደ ከውድድሩ ውጪ ነው። ታዲያ መጨረሻ ላይ የዓይናዲስ ማኪና መታጠፊያው ላይ ተገለበጠችባት። "አንሱልኝ!" አለች። ማን ያንሳላት? እዚያ እንዲቆም የተመደበው ነባር... ጀማሪ ሆኖ እየተወዳደረ ነዋ! አንድ ሰው ስንት ቦታ ይሁን? ራሱን በራሱ እዚያ መድቦ፣ ራሱን በራሱ አነሳ። ማኪናዋ ጎማዋን ወደ ላይ አድርጋ ስትንጫጫ እሱ በአጠገቧ እየተመላለሰ ዙሩን ሞላ። ጨዋነቱን ይዩልኝ፣ አንድም ጊዜ አልገጫትም! ሌላው ቢሆን ይገጫት ነበር።

ልጅቷ መቆጣጠሪያዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና አጨበጨበችለት። እኔን እሷ ናት አንጀቴን የበላችኝ። ከዚያ ወዲህ ዝር አላለችም። ስደውልላት ምን አለችኝ መሰለዎ? "እትዬ ሸዋገነት፣ ጀማሪ እንደሚያረጅ አላውቅም ነበር።" ምን ማለቷ ይሆን? እኔ እንጃ፣ የገጠር ልጅ ነገር ይገባል?

ዛሬ የሚቀርበውንስ ሰምተዋል? "የጀማሪ ሻምፒዮን በዚያው ምድብ ክብሩን የማስጠበቅ መብት አለው።" እንዴት ያለ አሳቢ ነው! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል አገሩ፤ እሱማ ቁጭት የሚባል በሽታ እንዳይዘው ገና በጠዋቱ ተከተበ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ እኛን ደግሞ በደንብ። ይህ ከጸደቀ ዓይናዲስ ቀርታ ቀረች። የአይከሎቹም አብረዋት ይቀራሉ። ምን ጣጣ አለው? ተወዳዳሪ ሲቀንስ አሸናፊው ይቀልለታል... የድካሙን ነው የምለው።

ምነው ያስልዎታል አያ ሰጠኝ? ጉንፋን ነው? ኧረ እኔ ማንን አማሁ! እያመሰገንኩ አይደል? ያ የመስኮቱ ሰውዬስ ምነው መወልወሉን አቆመ? ይወልውል እንጂ፣ የእኛ ወሬ ከእሱ ጋር ምን አገናኘው?

በሉ፣ ሰዉም እየገባ ነው። መብራት ሳይሄድ እጃችንን እናውጣ፤ ዛሬ እንኳ እንተያይ። እኔ ግን ያን ትሑት ሰው ሳልመርቅ አልነሳም፣ እርስዎም አሜን ይበሉልኝ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ጎጆው ይሙቅለት፣ ዘሩ ይብዛለት። የልጅ ልጆቹ ጉልበቱ ላይ ተቀምጠው፣ ያችን ዋንጫ በትንንሽ እጃቸው እየደባበሱ፣ "አባባ፣ ማንን አሸንፈህ ነው?" ብለው የሚጠይቁ ብልህ ልጆች ይሁኑለት። ያን ዕለት የሚመልስላቸውን ቃል ደግሞ... እግዜር ከወዲሁ ያዘጋጅለት። አሜን ይበሉ እንጂ!