መብራት የሌላት ሣጥን

ሣጥን ማለት ታች፣ ላይና አራት ጎን ያለው፣ ዕቃ የሚከቱበት ነገር ነው። ምንም የማይከቱበት ሣጥንም አለ፤ የዚህ ጨዋታ መነሻ እሱ ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቹ በሺር፣ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ከሀጂ ጀማሉዲን ጎን ሲቀመጥ መጀመሪያ ያነሳው ስለ ጠዋቱ ጉም ነበር። ቀጥሎ ስለ ሀጂ የታመመ ጉልበት ጠየቀ፤ ተሽሏቸዋል። የሀጂ ልጅ የአፍናን ሠርግ እሑድ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ማን እንደሚሆን ግን ሀጂ ገና አልቆረጡም። ካሰቧቸው አንዱ ከበስተጀርባቸው ተቀምጦ፣ ስኳሩ ከሟሟ የቆየ ሻይ ያማስላል። በሺር አይቶታል። እንዳላየ ሆኖ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ሠርግ ነበርን ሀጂ... እንዴት ያለ የድምፅ ባለሙያ አለ መሰለዎት? ስም አልጠራም፤ ሐሜት ሐራም ነው። ማመስገን ግን ምን ኃጢአት አለው?

ከኪቦርዴ እስከ ድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ገመዱ ሠላሳ ሜትር ይሆናል። መሀል ላይ ዲአይ የምንላት ትንሽ የብረት ሣጥን ትገባለች፤ ድምፁ በዚያ ሁሉ መንገድ ጉምጉምታ ሳይለቅም እንዲደርስ። የእኔዋ ባትሪ አትጠይቅ፣ ሶኬት አትፈልግ፣ መብራት የላት። ዝም ብላ የምትሠራ... አንዳንድ ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

ያ ባለሙያ ታዲያ ጥንቁቅ ነው። መብራት ያላየበትን ዕቃ አያምንም። የእሱ ሚክሰር ሲበራ ማሻአላህ፣ የዒድ ባዛር ነው የሚመስለው። ሣጥኗን አገላበጣት፣ ነቀነቃት፣ ጆሮው ላይ አስጠጋት። ‹ሞታለች› አለ። ምን እንደገደላት ሊያጣራም በመፍቻ ፈታት። ውስጧ ጥቅልል ሽቦ ብቻ፤ የምትሠራውም በእሱው ነው። ‹ባዶ ነው የሸጡልህ› ብሎ አዘነልኝ... አንጀቱ እንዴት ይራራል!

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም ያለች ሣጥን ግን እሱ ዘንድ ትወረወራለች። ገመዱን በቀጥታ ሰካው። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ ንብ የሰፈረበት መሰለ። ሌላ ሰው ቢሆን አይደነግጥም? እሱ ‹ጄኔሬተሩ ነው፣ አጥፉት› አለ። ጠፋ። ጉምጉምታውም ጠፋ፤ ወላሂ አልዋሽም። ኪቦርዱም፣ ማይኩም፣ ማራገቢያውም አብረው ጠፉ። የኮምቦልቻን ሙቀት እርስዎ ያውቁታል። አራት መቶ እንግዳ በአንድ ቃል ጸጥ የሚያሰኝ ባለሙያ ከየት ይገኛል? የሙሽራዋ አክስቶች በጭብጨባ ደረሱልን... ጭብጨባ ገመድ የለው፤ እሱም አልነካው።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። የእሱማ በጣም ውስጥ ነው... እስካሁን አልወጣም።»

ሀጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑት። ከበስተጀርባ ማንኪያው ቆሟል። በሺር ሊሄድ ተነሳና ሁለት እጁን ለዱዓ ዘረጋ።

«ይቅጠሩት ነው የምለው። አላህ ጤናውን ይስጠው፤ ዕድሜውንም ያርዝምለት... ለመማር እስኪበቃው።»

ሀጂ በሺርንም ከኋላ የተቀመጠውንም ባለሙያ ቀጠሩ። እሑድ ዕለት ሰውየው አዲስ ዲአይ ሣጥን ይዞ መጣ። ላይዋ ላይ የራሷ ባትሪ ያላት ትንሽ ቀይ አምፖል በፕላስተር ለጥፎባታል። አምፖሏ በርታ ዋለች፤ ድምፁም ጥሩ ነበር።