የእትዬ አልጋነሽ ዶሮ

(ደብረ ታቦር፣ ደምሰው ግቢ፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ዛሬ የሚሄዱት ጎረቤቱ እትዬ አልጋነሽ፣ በቅርቡ በአደራ የሰጡትን ዶሮ ሊሰናበቱ መጥተዋል።)

ደምሰው፦ ነጠላዎን ይተዉልኝ አልኩ እንጂ ቤትዎን ያውርሱኝ አላልኩም!

እትዬ አልጋነሽ፦ ጎረምሳ የአሮጊት ነጠላ ምን ያደርግለታል?

ደምሰው፦ ለ... ለብርድ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ጋቢህ የት ሄዶ? ይልቅ መኪናው ጥሎኝ ሳይሄድ ዶሮዬን አሳየኝ።

ደምሰው፦ ያችውልዎ፣ እንጨት ክምሩ ሥር ተደብቃ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ከመዳፌ ጥሬ ስትለቅም የኖረች ዶሮ! ምን አደረግሃት?

ደምሰው፦ ምንም። በቆሎ ስበትንላት ትሸሻለች፣ ዝም ብዬ ስቀመጥም ትሸሻለች። ነጠላዎን ብለብስ እርስዎን መስያት ትቀርበኝ ይሆናል ብዬ ነው።

እትዬ አልጋነሽ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሷ ምን አየች?

ደምሰው፦ ...ቢላዋ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ምን አልክ?

ደምሰው፦ የእጮኛዬ አባት ሳይታሰብ መጡ። ቤት ያለው ሽሮ ብቻ። አማት ፊት ሽሮ ላቅርብ? አፈርኩ። ያዝኳትና ቢላዋ አነሳሁ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልክ!

ደምሰው፦ መለሰኝ እኮ። ጮኸች፤ ልቧ እጄ ውስጥ ድው ድው ሲል ለቀቅኳት። እሳቸውም ሽሮውን በልተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

እትዬ አልጋነሽ፦ አላርዳትም ብለህ ምለህልኝ አልነበር?

ደምሰው፦ ምዬ ነበር። ዓይንዎን ማየት አቅቶኛል። ጠዋት በር ስከፍት እየጮኸች ስትሮጥ፣ ጎረቤት ሁሉ ያደረግኩትን የሚሰማ ይመስለኛል።

እትዬ አልጋነሽ፦ ቅርጫት አምጣ፤ እወስዳታለሁ።

ደምሰው፦ ልጅዎ ፎቅ ላይ አይደል የምትኖረው?

እትዬ አልጋነሽ፦ ካንተ ቢላዋ የልጄ በረንዳ ይሻላታል!

ደምሰው፦ እባክዎ እትዬ፣ ያበላሸሁትን ላቃና። እንደፈራችኝ አትሂድብኝ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ...እንግዲያው ቅርጫቱ ይቅርና ቢላዋውን አምጣ። ከኔ ጋር ይሄዳል።

ደምሰው፦ ሽንኩርት በምን ልክተፍ?

እትዬ አልጋነሽ፦ በጥርስህ!

ደምሰው፦ እሺ... ይኸው፣ ይያዙት።

እትዬ አልጋነሽ፦ ነይ በይ የኔ እመቤት፣ ልሰናበትሽ። ነይ እንጂ! እኔ ነኝ እኮ... ኧረ ወዴት ነው የምትሮጠው?

ደምሰው፦ እግሬ ሥር ገባች።

እትዬ አልጋነሽ፦ ከኔ? ከኔ ሸሽታ አንተ ጋ?

ደምሰው፦ ቢላዋውን ይጣሉት እትዬ። ይህን እፍረት ለእርስዎ አልመኝም።