አውቶቡሱን የምትከተለው መኪና

የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! የጡረተኛው የቧንቧ ሠራተኛ ባለቤት፣ የመኪናቸው ጣሪያ ማፍሰሱን እስኪያቆም ድረስ፣ በዚያች መኪና ላይሳፈሩ ቆርጠዋል። አዋጁ የወጣው መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው በተቀመጡበት ቀን ነው፤ ጃንጥላውም ያፈስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እትዬ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ባላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ባዶ መኪናቸውን እየነዱ አውቶቡሱን ከኋላ ይከተላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲሄድ ይሄዳሉ። እትዬ አንድም ጊዜ ዞር አይሉም። ብቻ ከመውረዳቸው በፊት ጠጋ ብለው፣ "አለ?" ይሉኛል።

"አሉ፣ እትዬ።"

"ይበለው!" ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ፈካ ይላል። አንድ ቀን አውራ ጣታቸውን ቀስረው አሳዩኝ። "መኪናዋን የገዛናት ዕለት፣ የመጀመሪያውን የሲሊኮን ሙጫ ያለሰለስኩለት በዚህ ጣቴ ነው። ደርቆብኝ ስንት ሳቅን! እሱ ረስቶታል፤ ወንድ ምን ያስታውሳል?"

አንድ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ በደጃቸው ሳልፍ፣ ጋሼ በርጩማ ላይ ቆመው የጣሪያውን ጠርዝ ሲሊኮን ሲያለብሱ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ የእህታቸው ልጅ ደረሰች። ይቺ ልጅ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ቦዲ ጥገና ታስተምራለች።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ደግሞ ሊደርቡባት ነው?"

"እግዜር ይመስገን። ልደፍናት ነው እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ደፍኛለሁ። ውሃ ስሜን ሲሰማ መንገድ ይቀይራል።"

"የዚህኛው ውሃ ግን ጆሮው አይሰማም መሰለኝ፤ ወንበሩ ጨቅይቷል።"

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ሲሊኮን ሲሊኮን ነው! መታጠቢያ ቤት ያዳነ መኪና ምን አቃተው?"

"መታጠቢያ ቤትማ ባለበት ይኖራል፣ ጋሼ። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ በፀሐይ ይግላል፣ በዝናብ ይበርዳል። ደግሞ እስቲ ያሽትቱት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አይልም? ሲደርቅ የሚወጣው አሲድ ነው። ሴራሚክን ምንም አያደርገውም፤ ብረትን ግን ያዝገዋል።"

"እኮ! ለዚህ አይደል ደራርቤ የምቀባው?"

"ነገሩን ያባሰው እሱ ነው። የደረቀ ሲሊኮን ላይ ሌላ ነገር አይይዝም፤ ቀለም እንኳ ይሸሸዋል። እርስዎ ከላይ ሲደርቡ፣ ውሃው ከሥር ገብቶ ይተኛል።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰው ስህተቱን ከመላጥ ይልቅ በስህተቱ ላይ መደረብ ይቀለዋል። በሽታው የመኪና ብቻ አይደለም፤ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጅቷ በጥፍሯ ጫፉን ብድግ ስታደርገው፣ የዓመታት ሥራ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ ወረደ። ከሥሩ ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ጋሼ ከበርጩማው ወረዱ። ዝገቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

"እሷ'ኮ በአውቶቡስ ቆማ ነው የምትሄደው" አሉ ቀስ ብለው። "ጉልበቷ ደግሞ..." እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። "በይ እሺ። በቢላ ልፋቀው?"

"ኧረ በፈጠረዎት! ቢላ ቀለሙን ይልጠውና ለዝገት አዲስ በር ይከፍትለታል። ቤንዚንም እንዳያስጠጉት። በፀጉር ማድረቂያ ለብ እናደርገውና፣ ሲለሰልስ በፕላስቲክ መፋቂያ እናነሣዋለን። የቀረውን በሲሊኮን ማስለቀቂያ ፈሳሽ እንጠርገዋለን፤ ያንንም መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክረን።"

ጋሼ ወደ መስኮቱ ጮኹ። "አንቺ! ፀጉር ማድረቂያሽን አቀብይኝ!"

"ራሰ በራ ሰውዬ ምን ልታደርቅበት ነው?" አሉ እትዬ ከውስጥ። ማድረቂያው ግን ወዲያው መጣ።

"ከዚያስ?"

"ዝገቱን ጠርገን ፀረ-ዝገት እንቀባለን። በደንብ ሲደርቅ ለቦዲ መጋጠሚያ የተሠራውን፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ሙጫ እንሞላለን። እሱ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለምም ይቀበላል። ከውጭ ለሚለጠፈው ጌጥ በሁለት ፊቱ የሚጣበቅ ፕላስተር፣ ለመስታወቱም የመስታወቱን። ለሁሉም የየራሱ አለው።"

"ሙጫም እንደ ሰው ወገን ይለያል በይኛ!"

"ሙጫ ከሰው ይሻላል፣ ጋሼ። የት እንደማይጣበቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል።"

"ጣሳ የሚያነብ ማን አለ?"

"ወንበሩ ደረቅ የሆነ ሰው።"

ጋሼ ሳቁ፤ ነገሩም አለቀ። ሦስታችንም ስንልጥ ዋልን። ልጅቷ ከውስጥ፣ በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ጫፍ ላይ፣ አንዲት የቢጫ ሲሊኮን ጠብታ አግኝታ መፋቂያውን ስታስጠጋ፣ ጋሼ በመዳፋቸው ከደኗት።

"ይቺን ተያት። ውሃ አታስገባም።"

"አስቀያሚ እኮ ናት!"

"ተያት ብያለሁ።"

መዳፋቸውን ሲያነሡ አየኋት። መሐሏ የአውራ ጣት ያህል ጎድጎድ ያለች ናት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ከጣሪያው ጠብ ያለ የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለሚደፍኑት ነገር የሚስማማውን ይምረጡ፤ አሮጌውን ቀለሙን ሳይጎዱ አንሥተው፣ አጽድተውና አድርቀው አዲሱን ይቀቡ። ወንበር ይደርቃል፣ ብረት ይከርማል፣ ጃንጥላም ወደ ደጅ ሥራው ይመለሳል። ጋሼ ራሳቸው አሁን መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ፣ "ጣሳውን አንብብ!" ይላሉ፤ ሐሳቡ ከጥንትም የሳቸው የነበረ ይመስል።

እትዬም ተሳፈሩ። ወንበሩን ዳበሱ፤ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ እንከን ጠፋ። ከዚያ ዳሽቦርዱን ሲደገፉ፣ አውራ ጣታቸው ሳያስቡት ያቺ ጎድጓዳ ጠብታ ውስጥ ግጥም አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁሉን ስትልጥ ይቺን ለምን ተውካት?"

ጋሼ ሞተሩን አስነሡ።

"አልናገርም።"

"እንዴት አትናገርም?"

"አልናገርም አልኩሽ። በሩን ዝጊው።"