ሶኬት ያልጠየቁት እንግዳ

የሕክምና መሣሪያ ጥገና የምትማረው ናትሱሆ፣ ጎረቤታቸውን ኩራሞቺ ሳንን ባቡር ጣቢያ ድንገት ስታገኛቸው ደስ አላት። ሽማግሌው ግን ሻያቸውን ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ለልጅ ልጃቸው ሰርግ በለበሱት ልብስ ላይ ደፉት።

«ምነው ኩራሞቺ ሳን! ደረትዎ ላይ የተቀበረልዎት መሣሪያስ?»

«ባትሪው እያለቀ ነው መሰለኝ» አሉ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል።

ወደ አንጎላቸው ኤሌክትሪክ እየላከ መንቀጥቀጡን የሚያስታግሰው ይኸው መሣሪያ ነው። ከሶኬት የተሞላውን ቻርጀር ደረታቸው ላይ አድርገው በየቀኑ መሙላት አለባቸው።

«ቻርጀሩንስ ረሱት?»

«ይዤዋለሁ፤ እሱም ባዶ ነው። ሦስት ቀን የሟች ባለቤቴ እህት ቤት በእንግድነት ከረምኩ አይደል?»

«እሳቸው ቤት መብራት የለም እንዴ?»

«ሞልቷል እንጂ! ግን የሰው ምግብ በልቼ ስጨርስ ደግሞ መብራቱን ልጠጣ?»

ናትሱሆ ክው አለች። ሦስት ቀን ሙሉ!

«ይኸው ከጀርባዎ ሶኬት አለ።»

«የጣቢያው ነው። ሳያስፈቅዱ መሰካት ሌብነት ነው።»

«እናስፈቅዳ!»

«ተይ ልጄ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አታስቸግሪ።»

«ጨርሶ ካለቀ እኮ ያለ ሐኪም አይነሳም! በልጅ ልጅዎ ሰርግ ላይ ማን ሊናገር ነው?»

«ጽፌዋለሁ፤ ሌላ ሰው ያነ...»

አንደበታቸው ተሳሰረ። እግራቸው ደረቀ። ዓይናቸው ብቻ በፍርሃት ይንከራተት ጀመር። ይሉኝታ ስንት ነገር ሲያሳጣ ያየች ልጅ፣ ሰውን ቁጭ ባለበት እንዲህ ሲያስር ግን አይታ አታውቅም። እየጮኸች ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሮጠች።

ኃላፊው ሲሰማ አፉን ያዘ። «ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል?» አለና ከሽማግሌው ጀርባ የተሰካውን የጣቢያውን ማሞቂያ ነቅሎ ቻርጀሩን ሰካ፤ ናትሱሆም ደረታቸው ላይ አደረገችላቸው።

ደግነቱ ባትሪው ጨርሶ አላለቀም ነበር፤ ከሰዓት በላይ ቆይቶ የሽማግሌው እጅ ረጋ።

«አሳፈርሽኝ» አሉ።

«የባለቤትዎ እህት ይህን ቢሰሙ ጨዋነትዎን የሚያደንቁ ይመስልዎታል? ‹ሶኬት እንኳ የማልጠየቅ ክፉ ሰው ነኝ ወይ?› ብለው ነው የሚያለቅሱት።»

ኩራሞቺ ሳን የቻርጀሩን ገመድ መጠቅለል ጀመሩ። «እሷን አላሰብኩም» አሉ። «ያሰብኩት ስለ ራሴ ስም ነው።»

ናትሱሆ ብቻቸውን መላክ ፈርታ እስከ ሰርጉ አዳራሽ ሸኘቻቸው። እሳቸውም ገና ከበሩ የባለቤታቸውን እህት ሲያዩ አጎንብሰው፣ «ሦስት ቀን በድዬሻለሁ፤ ለመሆኑ እዚህ ሶኬት የት ነው?» አሉ ጮክ ብለው።

ሴትዮዋ ነገሩን ሰምተው በድንጋጤ አለቀሱ። ከዚያ ራሳቸው ፈልገው ሰኩላቸው።

ያን ቀን ኩራሞቺ ሳን ለሙሽራው ጠብታ ሳይፈስ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ ቀዱለት። ንግግሩንም ራሳቸው አነበቡት እንጂ ማንም አላነበበላቸውም።