ለደም ማነስ እልል ያልኩ ዕለት

«እማዬ፣ ደሜ ውስጥ ምን እየፈለጉ ነው?» አለችኝ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ ሰበታ አንድ ክሊኒክ ውጤት ስንጠብቅ። በደም ካንሰር እንደሞተችው እህቴ ገርጥታ ስለነበር እሱ ይሆን እያልኩ ለድንግል ማርያም ብቻ ስነግር ሰንብቻለሁ፤ ልጄን ምን ልበላት?

ሐኪሟ ወጣች። «ደሟን በማይክሮስኮፕ አየነው። ቀይ ሕዋሶቹ አንሰዋል፣ ፈዘዋል፤ የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነው።»

«ካንሰሩስ?»

«የሚያሰጋ ነገር አላየንም።»

እልልታዬን ለቀቅኩት።

«ምን ተገኘ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ደም ማነስ ነው፣ ኦቦ።»

«ለደም ማነስም እልል ይባላል እንዴ፣ ልጄ?»

ሐኪሟ እየሳቀች፣ «ሻይ ከምግብ ጋር አይስጧት፤ ብረቱ ሰውነቷ ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል፤ ብርቱካን ግን ይረዳዋል» አለችኝ። እኔ ግን ያበረታታል ብዬ በየማዕዱ ሳጠጣት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩና ለቁርሷ በሻይ ፋንታ ብርቱካን ላጥኩላት።